ምግብ መውደድ ለሴት ልጅ ነውር ነውን?

በብዙ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ዘንድ ሳይታሰብ የሚነገር፥ ነገር ግን በልጆች ልብ ጠልቆ የሚቀር አንድ ንግግር አለ። ወንድ ልጅ ማዕድ ቀርቦለት ደስ እያለው ሲበላ ያየ ሰው «እሰይ፥ እንዲህ ነው እንጂ፤ ብላና ጠንክር» ይለዋል። እኅቱ በዚያው ማዕድ እንደ እርሱ ደስ ብሏት ስትበላ የታየች እንደ ሆነ ግን «ይህች ልጅ ሆዳም ሆነችሳ፤ ነገ በሰው ቤት ምን ልትባል ነው?» ይባልላታል። ንግግሩ ለቀልድ ያህል የተነገረ ሊሆን ይችላል። ልጅቱ ግን ቀልዱን እንደ ሕግ ትቀበለውና እጅዋን ከመሶቡ ትሰበስባለች፤ ከዚያም ቀን ጀምራ ራብዋን መደበቅ ትማራለች።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ምግብ የምትወድ ወጣትን ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ በገዛ ቤቱ ማን እንደሚያበስል፥ ማን አስቀድሞ እንደሚበላ፥ ማንስ ከሁሉ በኋላ እንደሚቀመጥ አንድ ሳምንት ብቻ ልብ ብሎ ይመልከት። ያን ጊዜ ነገሩ ስለ ሆድ ብቻ አለመሆኑን፥ ስለ ፍቅርና ስለ ጤና፥ ስለ ቤተ ሰብም ፍትሕ መሆኑን ይረዳዋል።

ሆዳምነት ሌላ፥ ማዕድን መውደድ ሌላ

አባቶቻችን «ሆዳም ፍቅር አያውቅም» ሲሉ ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍሬ ነገሩን ማስተዋል ይገባል። ሆዳምን የሚያስወቅሰው መብላቱ ሳይሆን ፍቅር ማጣቱ ነው። ሆዳም የጎረሰውን ሳያጣጥም ለሚቀጥለው ጉርሻ እጁን ይዘረጋል፤ ባልንጀራው ይጥገብ ወይም ይራብ አይጠይቅም፤ እህሉ በማን ላብ እንደ በቀለ፥ ወጡንም ማን ከጭስ ጋር ታግሎ እንደ ሠራው ትዝ አይለውም። ማዕድን የሚወድ ሰው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጣዕሙን ያስተውላል፤ የደከመውን ሰው ያመሰግናል፤ ብቻውን የበሉት እህል እንደማይጥም ስለሚያውቅም በደጅ ያለፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል።

ሃይማኖታችንም እህልን እንድንጠላ አላስተማረችንም። ጌታችን በገሊላ ቃና በሰርግ ቤት ተገኝቷል፤ በምድረ በዳ የተራበውን ሕዝብ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አጥግቧል፤ ከትንሣኤውም በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ፊት በልቷል። ኅብስቱን ሥጋው፥ ወይኑን ደሙ አድርጎ የሰጠንም በማዕድ ዙሪያ ነው። ከመብላታችን በፊትና ከበላን በኋላ ጸሎት የምናደርሰው እህሉ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ አይደለምን? ስጦታን በደስታ መቀበል ነውር ሊሆን አይችልም። ነውር የሚሆነው ስጦታውን ከሰጪው አስበልጦ መውደድ፥ ወይም ለሌላው ሳያካፍሉ ለብቻ መያዝ ነው። ይህ ፍርድ ደግሞ ለወንድና ለሴት ልጅ ተለይቶ አልተሰጠም።

የወጣቷ የዕለት ኑሮ

እንግዲህ ይህችን ምግብ ወዳድ ወጣት በዓይነ ልቡናችን እንመልከታት። ስምዋን መጥራት አያስፈልግም፤ በየደብሩ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ትገኛለችና። በአዲስ አበባ ከወላጆችዋ ጋር፥ ወይም ከጓደኛዋ ጋር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ትኖራለች። ማለዳ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ ከዚያም ታክሲ ለመያዝ ትሰለፋለች። በያዘችው የምሳ ዕቃ ውስጥ ትናንት ማታ የሠራችው ሽሮ፥ በጎኑም አንድ ቃሪያ አለ። ገና ጧት በሦስት ሰዓት ስለ ምሳዋ ታስባለች፤ በዚህም አታፍርም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን በመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሴቶች የምሳ ዕቃቸውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይከፍታሉ። የአንዷ ምስር፥ የሌላዋ ጎመን፥ የሦስተኛዋ ድንችና ካሮት በአንድ እንጀራ ላይ ይገናኛሉ። «ይህን ምን ጨመርሽበት?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይነሣል፤ ከጎንደር የመጣችው ከወሎ ከመጣችው ትማራለች፤ የሸዋዋም የእናትዋን የሽሮ አሰናዳድ ታስረዳለች። ጉርሻ መሰጣጠት ይጀመራል። ትናንት በሥራ ምክንያት ተቀያይመው የነበሩ ሁለት ሰዎችም ሳይታወቃቸው በአንድ ሳሕን እየቆረሱ ይነጋገራሉ። የዐቢይ ጾም ወራት ሲሆን ግን ይህ ጠረጴዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶውን ይቆያል። ምግብ የምትወደው ልጅ ያን ጊዜ ሰዓትዋን ደጋግማ ታያለች፤ ብታይም ትታገሣለች። ምግብን የማይወድ ሰው ቢጾም ምን ይጎድልበታል? የጾም ዋጋ የሚታወቀው የሚወዱትን ነገር በፈቃድ ሲተዉ ነውና።

ማታ ስትመለስ ከጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም ትገዛለች፤ የቲማቲሙን ብስለት በጣትዋ ጫን ብላ ታረጋግጣለች፤ ከሻጪዋም ጋር ስለ ዋጋ ተከራክራ፥ ተሳስቃ፥ ተመራርቃ ትለያለች። ቅዳሜ ሊጥዋን ታያለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ታፈላለች። ኑሮዋ ይህ ነው። ከዚህ ኑሮ ውስጥ ሆዳምነት የትኛው እንደ ሆነ የሚያሳየን ሰው ቢገኝ እናመሰግነው ነበር።

ጾም የጣዕም አስተማሪ መሆኑ

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፥ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ናቸው። ጾመ ነቢያት፥ ጾመ ሐዋርያት፥ ጾመ ገሃድ፥ እንዲሁም ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ሲደመር ምእመናን ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታ ያህሉን ያለ ሥጋ፥ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ያሳልፋሉ ማለት ነው።

ሥጋና ቅቤ ከሌለ ጣዕም የለም የሚል ሰው የእናቶቻችንን ጓዳ አላየም። ሱፍ ታምሶ፥ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ ሲጠለል ወተት የመሰለ ፍትፍት ይሆናል። ተልባ ተቆልቶ ሲፈጭ መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። ድፍን ምስር ተቀቅሎ በሰናፍጭ፥ በሎሚና በቃሪያ ሲታሽ አዚፋ ይባላል። የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፥ በዓሣ አምሳል ተቆርጦና ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሽምብራ ዓሣ ይሆናል። ከባቄላ ዱቄት የሚሰናዳው ስልጆም ቀን ቈጥሮ ሲኮመጥጥ ከማናቸውም ማባያ ጋር ይወዳደራል። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን ከስንዴና ከባቄላ የሚቀቀል ተራ ንፍሮ ነው፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ጉልባን በሌላ ቀን ቢሠሩት ያን ያህል አይጥምም። ይህን ሁሉ ጥበብ ያገኘነው ከማግኘት ብዛት ሳይሆን ከመከልከል የተነሣ ነው። ጾሙ የማጀቱን በር ሲያጠበው የእናቶቻችን ብልሃት ሌላ በር ከፈተ።

በትንቢተ ዳንኤል የተጻፈውንም እናስታውስ። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የንጉሡን ማዕድ ትተው 10 ቀን ጥራጥሬ ብቻ በልተው ውኃ ጠጡ፤ ከዚያም በኋላ መልካቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። እነዚህ ወጣቶች ምግብ ጠሊዎች አልነበሩም። የሚበሉትን የሚመርጡ፥ ለምን እንደሚበሉም የሚያውቁ ነበሩ።

የትንሣኤ ሌሊት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ዶሮው እንደ ልማዱ 12 ብልት ሆኖ ተበልቷል፤ ሽንኩርቱ ቀኑን ሙሉ ሲቁላላ ውሏል፤ ልጅቱም 55 ቀን ያልቀመሰችውን ወጥ ሳትቀምስ በማሽተት ብቻ ጨውን መጥናለች። ከቅዳሴው መልስ በቤተ ሰብ መካከል የምትቈርሰው ያ የመጀመሪያ ጉርሻ የሚሰጣትን ደስታ፥ በየቀኑ ሥጋ የሚበላ ሰው በምን ዋጋ ሊገዛው ይችላል?

በጓዳ ያለ ትምህርት ቤት

ምግብን መውደድ ልጅቱን ወደ እውቀትም ይመራታል። እንጀራን የምትወድ ልጅ አንድ ቀን ስለ እርሾ መጠየቅዋ አይቀርም። የጤፍ ዱቄት በውኃና በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከላይ ያቀረረው ውኃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ይበስልና አብሲት ሆኖ ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ ይዞራል፤ አክንባሎም ይደፋበታል። ይህን ሥራ በአንድ ቀን የሚማረው የለም። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ይዘገያል፤ ሲሞቅም ይፈጥናል፤ አብሲቱ ሲበዛ ወይም ሲያንስ የእንጀራው ዓይን ይጠፋል። እናትዋ ይህን ሁሉ በእጅዋ ታውቀዋለች እንጂ በመጽሐፍ አልጻፈችውም፤ ልጅቱ ካልተማረችው ከእናትዋ ጋር ያልፋል።

የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ እናቶች በልማድ ያደርጉት የነበረው ነገር ምክንያት እንዳለው ገልጸዋል። በእህል ውስጥ ብረት የተባለው ለደም የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር አለ፤ ነገር ግን በዚያው እህል ያለ ሌላ ነገር አስሮ ስለሚይዘው ሰውነታችን በቀላሉ አያገኘውም። ሊጡ ሲቦካ ይህ ማሰሪያ ይላላል። ሎሚ፥ ቃሪያና ቲማቲም ከምስሩ ወይም ከጎመኑ ጋር ሲበሉም በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። በአንጻሩ ከምሳ ጋር ወይም ወዲያው ከምሳ በኋላ የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱን ያስቀራል፤ ስለዚህ ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይሻላል። በጎድን ተቀምጣ የምትታይ ያቺ አንዲት ቃሪያ እንግዲህ ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነች እንረዳለን።

እውቀት ከጉዳትም ይጠብቃል። ጓያ በድርቅ ጊዜ ሳይቀር የሚበቅል፥ ዋጋውም የረከሰ እህል ስለ ሆነ በሽሮ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ሳያቋርጡ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ አድርገው የተመገቡት እንደ ሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ይህም ጉዳት አይድንም። ሽሮዋን ከምን እንደ ተፈጨ ሳትጠይቅ የምትገዛ ልጅና፥ አተሩንና ሽምብራውን በገዛ እጅዋ ለቅማ፥ ቈልታና ቅመም ጨምራ የምታስፈጭ ልጅ እኩል አይደሉም። ሁለተኛዋን ለዚህ ትጋት ያበቃት ምንድን ነው ቢባል፥ መልሱ ጣዕም መውደድዋ ነው። ለምግብ ደንታ የሌለው ሰው ምን እንደሚበላ አይመረምርምና።

ከሁሉ በኋላ የምትበላዋ

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር ደርሰናል። በብዙ ቤት እንግዳ ይበላል፤ አባት ይበላል፤ ወንዶች ልጆች ይበላሉ፤ ከዚያም እናትና ሴት ልጅ የተረፈውን ይዘው በጓዳ ይቀመጣሉ። ልጅቱ ሽንኩርቱን ከትፋለች፤ ወጡን አማስላለች፤ እጅ አስታጥባለች፤ ቆማ አስተናግዳለች። ወደ ድስቱ ስትመለስ ግን ያገኘችው መረቅ ብቻ ነው። «እኔ ጠግቤአለሁ፥ ሲሠራ መዓዛው አጠገበኝ» ትላለች። ይህን ንግግር ከእናትዋ ሰምታዋለች፤ እናትዋም ከአያትዋ ሰምታዋለች። ለእንግዳ ማስቀደም ያማረ ባሕል ነው፤ ልናጠፋው አንሻም። ነገር ግን አንዲቱ ልጅ ዘወትር በተረፈው ብቻ የምታድር እንደ ሆነ፥ ይህ ትሕትና ሳይሆን ጉዳት ነው።

ጉዳቱም በቃል ብቻ የሚነገር አይደለም። ወጣት ሴት በየወሩ ደም ስለምታፈስስ ከወንድ ይልቅ ብረት ያስፈልጋታል። በአሜሪካ በወጣው የምግብ መመሪያ መሠረት ከ19 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ያላት ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ስትፈልግ፥ በዚሁ ዕድሜ ያለ ወንድ 8 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። ያረገዘች እንደ ሆነም ፍላጎትዋ ወደ 27 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። እንግዲህ የበለጠ የሚያስፈልጋት አነስተኛውን ስትበላ ምን ይሆናል? ደምዋ ያንሳል፤ ደረጃ ስትወጣ ልብዋ ይመታል፤ ራስዋን ያዞራታል፤ በትምህርት ቤት ወይም በሥራዋ ላይ ሳለች ድካም ይጫናታል። ወላጆችዋም ሰነፈች ይላሉ። ነገ ስታገባና ስትወልድ ደግሞ የደም ማነሱ ለእርስዋም ለሕፃንዋም አደጋ ይሆናል። ለወንድሟ የተሰጠው «ብላና ጠንክር» የሚለው ምርቃት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ጾሙ ነው የጎዳት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምስር፥ ሽምብራ፥ ባቄላ፥ ጤፍ፥ ጎመንና ሱፍ በበቂ የሚቀርቡበት የጾም ማዕድ ጤናማ ማዕድ ነው። የሚጎዳው ጾም ተብሎ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ፥ እርሱም በጥቂቱ የተበላ እንደ ሆነ ነው። ቫይታሚን ቢ12 የተባለው ግን በተፈጥሮ ከእንስሳት ምግብ ብቻ ስለሚገኝ፥ በፍስክ ወራት እንቁላልና ወተት ለወንዶች ልጆች ብቻ ሳይሆን ለሴቶችም ልጆች ሊደርሳቸው ይገባል። የታመመች፥ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ሴትም ነገርዋን ለንስሐ አባትዋ ብትገልጽ ቤተ ክርስቲያን ዐቅምዋን አይታ ታዝንላታለች፤ ከዐቅም በላይ ሸክም አትጭንባትም። የሐኪሙንም ምክር መስማት ከሃይማኖት መራቅ አይደለም።

ማዕድ ሲሰፋ

ምግብ የምትወድ ሴት ፍቅርዋ በእርስዋ ብቻ ሳይወሰን ለብዙ ሰው ሲተርፍ በታሪካችንም ታይቷል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ስትመረቅ ያደረጉት ታላቅ ግብር በንጉሠ ነገሥቱ ዜና መዋዕል ተጽፎ ቆይቶልናል። በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆቴልም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ማጀትን ማወቅ ለእርሳቸው ከአገር ጉዳይ የሚያርቅ ሥራ አልነበረም፤ ከአማካሪነታቸውና ከጦር ሜዳ ተሳትፏቸው ጋር አብሮ የሄደ ጥበብ ነበር።

ነገር ግን ታላቅ ለመሆን ታላቅ ግብር አያስፈልግም። በየሰፈሩ የጻድቁ ወይም የእመቤታችን ዝክር ሲዘከር ዳቦውን የምትቆርሰው፥ ንፍሮውን በሰፌድ ይዛ ለነዳያን የምታድለው፥ ያልመጣችውን አሮጊት ጎረቤት አስታውሳ ጠበል ጸዲቅዋን እስከ ቤትዋ የምታደርሰው ያቺው ምግብ የምትወድ ልጅ ናት። ራብን የማታውቅና ጥጋብን የማታደንቅ ልጅ የሌላውን ራብ እንዴት ትረዳዋለች?

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱትን እኅቶቻችንንም እናስባቸው። በሻንጣቸው ውስጥ በርበሬ፥ ሽሮና ድርቆሽ ይጭናሉ። በሰው ቤት ለሰው ሲያበስሉ ውለው፥ ማታ በጠባብዋ ክፍላቸው ድርቆሹን በሽሮ ሲያረጥቡት ከጨው በቀር ምንም ያልተጨመረበት ቢሆን እንኳ የእናታቸውን ቤት ይቀምሳሉ። ያን ጊዜ ምግብ ሆድን ከመሙላት ያለፈ ነገር መሆኑን ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም።

ለወላጆችና ለወጣቶች

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ሴት ልጃችሁ ደስ ብሏት ስትበላ ብታዩ አመስግኑ እንጂ አታሳፍሩአት። እንግዳውን አስቀድማችሁ ብታስተናግዱም የእርስዋን ድርሻ ቀድሞ የሚያስቀምጥላት ሰው በቤቱ ይኑር። ወንድ ልጃችሁም ሽንኩርት መክተፍንና ሳሕን ማጠብን ይልመድ፤ ያን ጊዜ እኅቱ ከእርሱ ጋር በአንድ ጊዜ ለመቀመጥ ፋታ ታገኛለች። እናቶችም የእርሾውን፥ የቅመሙንና የሽሮውን ምስጢር ለሴቱም ለወንዱም ልጅ አስተምሩ፤ ነገር ግን «ለባልሽ» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን «ለራስሽም» ብላችሁ አስተምሩአት።

አንቺም እኅታችን፥ የጾሙን ቀን በትዕግሥት ጹሚ፤ የፍስኩንም ቀን በምስጋና ብዪ። የምትበዪውን ዕወቂ፤ ከሌለው ጋር ተካፈዪ፤ ሲያዞርሽና ሲያደክምሽም ዝም አትበዪ። ሰው «ሆዳም» ቢልሽ፥ ፈገግ በዪና በመሶቡ አጠገብ ቦታ ልቀቂለት፤ «ኑ፥ እንብላ» በዪው። ሆዳም ይህን ቃል አይናገርምና፥ የተናገረው ሰው ስሕተቱን ከማዕድሽ ላይ ይረዳዋል።

የሰጠንን እህል በረከቱን ያብዛልን፤ በየቤታችንም ማንም ልጅ ተርባ «ጠግቤአለሁ» የማትልበት ዘመን ያምጣልን። አሜን።